«ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት!»



ሸዋ ሮቢት በሚያዝያ ወር ምን እንደምትመስል የደረሰባት ያውቃታል። ከጣርማበር ብርድ ተነስቶ፣ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ አልፎ፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ መንገድ ላይ ጋቢውን ያጥፋል፤ ሮቢት ሲገባ ደግሞ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ይፈታል። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ሰው ግን ወደ ሌላ አገር የወረደ ይመስለዋል። ማንጎው፣ ሽንኩርቱ፣ ማሾው ሁሉ የዚህ ሙቀት ልጅ ነው። በልጉ ሲዘገይ መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ከብቱ ከግራር ሥር ይጠጋል፤ ሰዉም ሰማይ ሰማይ ያያል።

በዚህ ወቅት በእኛ ቤት በረንዳ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ጣሳ አለ። ውስጡ አፈር ብቻ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ አንድም አረንጓዴ ነገር አይታይበትም። እንግዳ ሲመጣ «ይህን ለምን በሶብላ አትተክሉበትም?» ይላል። ከዚያ አንድ ቀን፣ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ባራሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ በረንዳው ብቅ ስትሉ አፈሩ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ መካከል የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ቀላ ያለ ነገር አለ። በማግስቱ ጣት ያክላል። ከዚያ እግሩ ሥር ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለበት ለስላሳ አገዳ ሆኖ ይመዘዛል። ጫፉ ላይ የተጠቀለለው እምቡጥ ሲፈታ፣ በቀጭን በቀጭን እንጨት ላይ የተሰካ እሳት የሚመስል ቀይ ኳስ ይወጣል። ኳሱ አንድ አበባ አይደለም። እያንዳንዳቸው ስድስት ቀጫጭን ቀይ ቅጠልና ጫፋቸው ቢጫ የሆኑ ስድስት ክሮች ያሏቸው ትናንሽ አበቦች ተሰብስበው የሠሩት ነው፤ ብርቱ በሆነ ተክል ላይ እስከ 200 ይደርሳሉ። ጃርት ተቆጥቶ እሾሁን ሲያቆም አይታችሁ ከሆነ፣ ያንን ጃርት ቀይ ቀለም ቀቡት።

ስሙን ስትሰሙ ትስቁ ይሆናል። የጅብ ሽንኩርት ይባላል። ባላገሩ ለሰው የማይሆነውን ለጅብ ይሰጣል፤ በዝናብ ማግስት የሚፈላውን እንጉዳይ የጅብ ጥላ እንደሚለው ማለት ነው። ስሙም የዚህ ተክል ብቻ አይደለም፤ ከመሬት በታች ሽንኩርት የመሰለ ራስ ኖሮት የማይበላ የዱር ተክል ሁሉ በየአካባቢው የጅብ ሽንኩርት ሲባል ይሰማል። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ለመለየት አበባውን ማየት ግድ ነው። እኔ በበኩሌ፣ ለአደይ አበባ ስንት ዘፈን ወጥቶ ለዚህ አንድ እንኳ አለመውጣቱ ስሙ ያመጣበት ጣጣ ነው እላለሁ።

ተክሉን ወደ ቤታችን ያመጣችው አያቴ ናት። ከየት አመጣሽው ስትባል «ከወንዙ ዳር፣ ከግራሩ ሥር» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አትናገርም። የተከለችው ጠርዙ ተሸርፎ ለወጥ መሥሪያነት የማይሆን የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ነበር። ቡና ስታፈላ ማሰሮው ከረከቦቱ አጠገብ ጥላ ቦታ ላይ ይቀመጣል። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በጥር ወር ባዶው አፈር አሳዝኖኝ አንድ ጣሳ ውሃ ሳፈስበት ደርሳ እጄን ያዘችኝ።

«ልጄዋ፣ ተኝቷል፣ አትቀስቅሰው! ጌታው ሲቀሰቅሰው ይነሳል። አንተን ማን ላከህ?»

በዚያን ጊዜ እንደ አብዛኛው የይፋት ልጅ ጠዋት ቁርኣን ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት እውል ነበር። ቁርኣን ቤት ብዙ ነገር በቃላችን እንይዛለን፤ ትርጉሙ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ሱረቱ ሩምን ስንቀራ ሼኻችን በ50ኛው አንቀጽ ላይ ቆሙ። አንቀጹ ዝናብ ምድርን ከሞተች በኋላ ሕያው ስለሚያደርጋት እዝነት የሚያወሳ ነው። እሳቸው ግን ያተኮሩት በመጀመሪያው ቃል ላይ ነበር። «አያችሁ፣ እዚህ የታዘዛችሁት እንድትመለከቱ ነው» አሉን። «በዓይናችሁ! እንግዲህ ሂዱና የሆነ ነገር አይታችሁ ኑ።» ልጁ ሁሉ ወደ ማሳ ሲሮጥ እኔ ወደ አያቴ ማሰሮ ሮጥኩ። ወሩ መጋቢት ነበርና ምንም አላየሁም። «ምን አየህ?» ሲሉኝ «አፈር» አልኩ፤ ልጆቹ ሳቁብኝ። ሼሁ አልሳቁም። «ደግ፣ እሱን ጠብቀው» ነበር ያሉኝ።

ማየት የቻልኩት ከዓመታት በኋላ በሌላው ትምህርት ቤት ነው። የባዮሎጂ አስተማሪያችን አንድ ራስ ሽንኩርት ይዘው ገቡና ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰነጠቁት። «ሥር ነው፣ ፍሬ ነው፣ ወይስ ምን?» ሁላችንም «ሥር!» አልን። ተሳስተን ነበር። ሥሩ ከታች ያለው ጭገር ብቻ ነው። ከሥሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ነገር አጥሮ የቀረ ግንድ ነው። እኛ ልጣጭ በልጣጭ የምንከትፈው ደግሞ ምግብ ያጠራቀመ ቅጠል ነው። መሃል ለመሃል፣ በዚያ ሁሉ ድርብርብ ተሸፍና፣ አንዲት አረንጓዴ ቡቃያ አለች። ሽንኩርት አምራች በሆነው ቀወት ወረዳ ተወልጄ ስንት ዓመት ሽንኩርት ስበላ ቡቃያዋን አስተውያት አላውቅም ነበር። በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ ማሰሮው ነው። ለካስ አያቴ ተኝቷል ያለችው እውነቷን ነው!

አሠራሩ እንዲህ ነው። አበባው ካለፈ በኋላ፣ ወይም አብሮት፣ ሰፋፊ ቅጠሎች ይወጣሉ። አበባውን ያየ ሰው ቅጠሉን ዞር ብሎ አያየውም፤ ዋናው ሥራ ያለው ግን እዚያ ነው። ቅጠል የተክሉ ወጥ ቤት ነውና ክረምቱን በሙሉ ከፀሐይ ብርሃን፣ ከውሃና ከአየር ምግብ ያበስላል፤ የበሰለውም ወደ ታች ወርዶ፣ ገበሬው ኮረት በሚለው በሽንኩርቱ ራስ ውስጥ ይከማቻል። ዝናቡ ሲያበቃ ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ይወድቃል። ሰው «ሞተ» የሚለው ይኼኔ ነው። በሚያዝያ የምናየው ቀይ ኳስ እንግዲህ ያለፈው ክረምት ስንቅ ነው። አበባው ቢበዛ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ወጥ ቤቱ ግን አራትና አምስት ወር ጢሱ አይቋረጥም።

ሳይንቲስቶችም ስለ ስሙ ብዙ ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1795 እንግሊዛዊው ቶማስ ማርቲን ሲሰይመው «ሄማንተስ» ከሚባለው ወገን መደበው፤ በግሪክኛ የደም አበባ ማለት ነው። በ1838 ራፊኔስክ የተባለ ሊቅ ለዚህ ዓይነቱ «ስካዶክሰስ» የሚል የተለየ ስም አወጣ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ከዚያ በ1976 የኢትዮጵያን ዕፅዋት ጠንቅቀው የሚያውቁት ዴንማርካዊው ኢብ ፍሪስና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኑርዳል ሁለቱን ወገኖች በማያሻማ መንገድ ለዩአቸው። ሄማንተስ የደቡባዊ አፍሪካ ልጅ ነው፤ ወፍራም ቅጠል አለው፤ የክሮሞሶሙ ቁጥር 16 ነው። የእኛው ቀጭን ቅጠል ያለው ሆኖ ቁጥሩ 18 ነው። ስለዚህ ስካዶክሰስ መልቲፍሎረስ ተባለ፤ ባለ ብዙ አበባው እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ2003 ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኑርዳልና ከስታቤቶርፕ ጋር ሆነው የኢትዮጵያንና የኤርትራን እሬቶችና ሊሊዎች የያዘ ባለ ሥዕል መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ ሲያሳትሙ የጅብ ሽንኩርታችንም ቦታውን አግኝቷል። ወንድም አለው፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን የሚገኝ፣ አበባውን አንገቱን ደፍቶ የሚያወጣ፣ ኑታንስ የሚባል።

አገሩ ሰፊ ነው። ከሴኔጋል እስከ ሶማሊያ፣ ወደ ታች እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ ተራሮች ይበቅላል። ከዚያም አልፎ የሆላንድ ነጋዴዎች ኮረቱን በወረቀት አሽገው ለአውሮፓ ቤቶች ይሸጡታል። እዚያ በመስኮት ዳር፣ በሚያምር ሸክላ ተቀምጦ በገንዘብ የተገዛ ብርቅ ነው። እዚህ ፍየል ጠባቂ በዱላው መትቶት ያልፋል።

ወደ ማሰሮው ልመለስ። አያቴ በ2010 ዓ.ም. ወደ አኺራ ሄደች፤ አላህ ይዘንላትና። ከእሷ የቀረልኝ ሙሰብሓዋና ማሰሮው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ ሮቢት ደረሰ። በዚያ ሰሞን የነበረውን ያየ ሁሉ የራሱ ታሪክ ስላለው የእኔን አላስረዝምም። ልጆቹን፣ አንድ ጥቅል ልብስና የአያቴን ሙሰብሓ ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ማሰሮውን ማን ያስበዋል? ቅጠሉ ረግፎ ነበርና ያው አፈር ነው። ኅዳር 22 ቀን ከተማዋ በመንግሥት ኃይሎች እጅ መግባቷ ከተነገረ በኋላ፣ መንገዱ ሲከፈት ተመለስን። በሩ ተገንጥሏል። ፍራሽ የለም፤ ብረት ድስት የለም፤ የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት በግቢው ሁሉ ተበትኗል። ማሰሮው ተሰብሮ አፈሩ በረንዳው ላይ ተዘርግፏል። ማን እንዳደረገው አላውቅም፤ ምን ፈልጎ እንደሆነ ግን የገባኝ ይመስለኛል። አፈር የተሞላ ማሰሮ ያየ ሰው፣ ወርቅ ተቀብሮበት ይሆናል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የኛ ሰው በእርግጥም ይቀብራል። ቆፍሮ ያገኘው አንድ የደረቀ ሽንኩርት ነው፤ ወርውሮት ሄደ።

ባለቤቴ ኮረቱን ከደጃፉ አገኘችው። የዚያን ዕለት ቤት ውስጥ የነበረን ጥቂት ዱቄትና ጨው ብቻ ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ራስ ሽንኩርት እንኳ ቀርቶልናል» ብላ ቢላዋ ስትፈልግ፣ ቢላዋም ተወስዶ ኖሮ በእጇ ልትልጠው ጀመረች። ወዲያው ቆመችና አሸተተችው። ሽንኩርት ሽንኩርት አይሸትም። ዓይኗም አላነባም። «አንተ፣ ይኼ የአያትህ አይደለም እንዴ?»

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አጠፋለሁ። ይህ ተክል መርዝ ነው። ኮረቱ ሊኮሪን የሚባልና ሌሎችም መርዘኛ ቅመሞች አሉበት፤ የበላው ሰው ምራቁ ይዝረበረባል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ብዙ ከሆነም ከዚያ የባሰ ይመጣል። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ ይቀቡበት፣ ዓሣ አስጋሪዎችም ዓሣ ያደነዝዙበት ነበር። ስለዚህ ከወጥ ቤት ሽንኩርት ጋር በአንድ ቅርጫት አይቀመጥ፤ ሕፃን ከማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ የነካ እጅ ይታጠብ። ደግሞ ያላወቁትን ሥር መድኃኒት ነው ብሎ ለልጅ ማጠጣት በሰፈራችን ዛሬም የሚታይ በሽታ ነውና ይቅርብን። ከዚሁ ተክል ዘመዶች መድኃኒት አልተገኘም ማለቴ አይደለም፤ ጋላንታሚን የሚባለውን፣ ዛሬ የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን የሚታዘዘውን፣ ቡልጋሪያውያን ከዚሁ ቤተሰብ ተክሎች ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ግን ያንን የሠሩት በሚዛንና በቤተ ሙከራ ነው፤ በሙቀጫ አይደለም።

ኮረቱን የቀለም ጣሳ ውስጥ፣ ታችውን በምስማር በስተን ተከልነው። ያን ዓመት በልጉ ዘገየ። ሚያዝያ ሲጋመስ ትልቋ ልጄ፣ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ፣ በየጠዋቱ ከበረንዳው አትጠፋም። ግንቦት ላይ ሁለት ቅጠል ወጣ። አበባ የለም።

«ተቆጥቶ ነው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? እንዲህ ያለ ተክል ሥሩ ሲነካበት አይወድም፤ ከተነቀለ በኋላ ሳያብብ ዓመት ሊያልፈው ይችላል። ይህን ነገርኳት። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ዓመት የሚባለው ነገር ርዝመቱ ከእኛ ይለያል። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ትዕግሥቷ አልቆ፣ ሞቷል ወይስ አልሞተም ለማለት በማንኪያ ቆፍራ አወጣችው! አዲሶቹን ሥሮች በጥሳቸዋለች። መልሰን ቀበርነው። በዚያም ዓመት ቅጠል ብቻ። እውነቱን ለመናገር ተቆጥቻት ነበር፤ ቆይቶ ግን የሼኻችን ትእዛዝ ትዝ አለኝ። ሂዱና እዩ ብለውን የለም? ልጅቷ ያደረገችው እሱኑ ነው፤ ማንኪያው ነው ስህተቱ። ከዚያ በኋላ እኔና እሷ ስምምነት አደረግን፤ አፈሩን አትነካም፣ የምታየውን ግን በደብተር ትጽፋለች። የጥር፣ የየካቲትና የመጋቢት ገጾቿ ላይ በየሳምንቱ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «አፈር»።

2016 ዓ.ም. ለአካባቢያችን የሰላም ዓመት አልነበረም፤ ትምህርቱም መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ነው የከረመው። ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 2 ቀን ዋለ። በሁለተኛው ሳምንት ጁምዓ ዕለት፣ ከሶላት ስመለስ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ። ደብተሩን ከፍታ ይዛለች፤ ምንም አልተናገረችም። «ቀይ» ይላል።

በአምስተኛው ቀን ተፈታ። የጎረቤት ሰው ሁሉ መጣ። ቤታቸው በዚያን ጊዜ ብዙ የተጎዳባቸው አንዲት እናት አጠገቡ ቁጭ ብለው ቡና ሲጠጡ ቆዩና «ከዚያ ሁሉ ይኼ ተረፈ?» አሉ። ከዚያ ስለ አበባው ሳይሆን ስለ ልጃቸው ማውራት ጀመሩ፤ ለረጅም ሰዓት አወሩ። ከተመለስን ጀምሮ ስለ እሱ አንድ ቃል ሲተነፍሱ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

ልጄ ትናንሾቹን አበቦች ልትቆጥር ሞከረች፤ ሁለት ጊዜ ሰማንያ አካባቢ ሲደርስ ተሳከረባት። አስተማሪ አባት የመኖሩ ጉዳት ይኼ ነው፣ ሩቡን ብቻ ቆጥረሽ በአራት አባዢ አልኳት። ሃያ አራት ቆጠረች። ዘጠና ስድስት። የሚቀጥለው ዓመት ይበልጣል ብላ ከወንድሟ ጋር ተከራከረች።

መትከል የሚፈልግ ቤተሰብ ቢኖር ብዙ ድካም የለውም። ጣሳው ታችው ይበሳ፤ ውሃ ከተኛበት ኮረቱ ይበሰብሳል። አንገቱ ከአፈሩ እኩል ይሁን። የሮቢት ፀሐይ ታቃጥለዋለችና ከግራር ሥር የለመደውን ዓይነት ጥላ ስጡት። አበባው ሲጠወልግ ቅጠሉን «ያስጠላል» ብላችሁ እንዳትቆርጡት፤ የሚቀጥለውን ዓመት አበባ መቁረጥ ነው። ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ቢጫ ሲሆን ውሃ አቁሙ፤ እስከ በልግ ድረስም ተዉት። ጣሳ አታለዋውጡበት። ከዱር ግን አትንቀሉ፤ ያለውም ከዓመት ዓመት እየተመነጠረ ነው። ፍሬው ሲቀላ ለቅሞ ቶሎ መዝራት ይበጃል፤ ዘሩ ከደረቀ አይበቅልም። ከዘር የተነሳው ለማበብ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል።

ባለፈው ዓመት ከአበባው በኋላ አራት ቀያይ ፍሬዎች ያዘ። ልጄ በሦስት የወተት ጣሳዎች ዘራቻቸው። ሁለቱ በቅለዋል፤ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ጠባብ ቅጠል አላቸው። ስታሰላው የሚያብቡት እሷ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ነው። አንዱን ለእነዚያ እናት ልትሰጥ ቃል ገብታለች።

ትልቁ ጣሳ አሁን ከበሩ ጀርባ ነው። ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ውሃ ማጠጣት ያቆመችው ባለፈው ሐሙስ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ትናንት ኩባያ ይዞ ሲጠጋ እጁን ስትይዘው ሰማኋት።